ታች ሳቢው

ነሐሴ እኩሌታ ላይ፣ ሌሊት ነው የወደቀው፤
ሥሩ ሲበጣጠስ ከቢስቲማ ማዶ ያለ ሰው ሰማው።
ሲነጋ ሄደን አየነው፣ የጦይባን ዋንዛ፣
ግማሽ ማሽላዋን ተኝቶበት፣ ቅጠሉ ላይ ገና ጤዛ።

ቀድሞ የደረሰው ከሰል አክሳዩ ነበረ፤
በእርምጃ ለካው፤ ጆንያ በጆንያ ቆጠረ።
ጦይባ ግን መቀነቷን አጥብቃ አስራ፦
«ከኔ በፊት የኖረ አይነድም በኔ ተራ።
ሙሔን ጥሩልኝ» አለች፣ «መጋዙን ይዞ ይምጣ፤
ከዚህ ሆድ ሳንቃ እንጂ ጭስ እንዳይወጣ።»

ሙሔ እኔን ወሰደኝ፣ ታች ሳቢ አድርጎ፤
ታች ሳቢ ማለት፣ ጉድጓድ ወርዶ ከግንዱ ሥር የሚስብ፣
ዓይኑን በሻሽ ሸሽጎ።
ላይ ሳቢው መስመር አለው፣ በከሰል ክር የተመታ፤
ታች ሳቢው ምን አለው? ተረከዝ ማየት፣ ሰጋቱራ፣ ዝምታ።
«ሳብ!» ሲል እስባለሁ፤ «ተው!» ሲል እተዋለሁ፤
የእርጥብ ዋንዛ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ነው፣
ልናገረው ስል ቃል አጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ የትልቁ ቅርንጫፍ ብብት ጋ ስንደርስ፣
መጋዙ ጮኸ። እንጨት እንዲያ አይጮኽም፣ ጥርስ እስኪፈርስ።
«ብረት!» አለ ሙሔ። ወረደ። በመጥረቢያ ጠርቦ ጠርቦ
አወጣው፤ መንጠቆ ነው፣ ዛፉ ሥጋ ያለበሰው፣
ዓመት በዓመት ከቦ።
ዙሪያውን እንጨቱ ጠቁሯል፣ እንደ ጅራፍ ሰንበር፤
ሙሔ መዳፉ ላይ አኑሮት ብዙ ቆየ፣ ሳይናገር።

«በሰባ ሰባት እዚህ ላይ ነበር የልጅ ሚዛኑ፤
ቀለህ ከተገኘህ ፋፋ ይሰፈርልሃል፤
እጅግ ከቀለልክ ግን፣ ያልፍሃል ቀኑ።»
«አንተስ?» አልኩት። «አንተ ስንት ነበርክ?»
«እናቴ እንዳለችኝ፣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ስድስት ኪሎ።
በል ውረድ፣ ምን ቆምክ?»

አርባ ሦስት ጣውላ ወጣ። ጫፍ ጫፉን በእበት ለቀለቅን፤
ፀሐይ እንዳያየው፣ ከጦይባ ዳስ ሥር ደረደርን፤
በየመሃሉ ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ጣልን፣ ነፋስ እንዲገባ፤
ከላይ ድንጋይ ተጫነው፣ እንዳይጣመም።
«እስከ መቼ?» አለች ጦይባ።
«ለአውራ ጣት ውፍረት፣ አንድ ዓመት።»
እሷ ዝም አለች፤ ጎረቤት ነው ያልቻለው ትዕግሥት።
አንዱ ለአልጋ፣ አንዱ ለሣጥን፣ ሸህ አረቡ ለደረሳ ሎህ፤
ሙሔ ለሁሉም፦ «ገና ውሃ ነው። ሂድ ወደ ቤትህ።»

የመንጠቆውን ዝገት ፍቀን፣ የዳሱ ምሰሶ ላይ መታነው፤
ሰንበር ያለባትን ቁራጭ፣ ማንም የማይገዛትን፣
በማር ነጋዴ ሚዛን በየወሩ የምንሰቅለው።
ኅዳር አሥራ አንድ ኪሎ። ጥር ዘጠኝ ከሩብ። መጋቢት ስምንት ገባች።
በቀለለች ቁጥር ሙሔ፦ «አልሐምዱሊላህ፣ እየበሰለች።»
አንድ ቀን ብቻ፣ «እናቴ ይህን መርፌ እንዴት አየችው?» አለ፤
መልስ አልጠበቀ፤
የሚዛኑን ገመድ ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ።

ሰኔ ላይ ቆመች፣ ሰባት ተኩል። ጠበቅናት፤ አልወረደች።
«ደርቃለች» ብሎ በጣቱ አንጓ መታት፤ እንደ ጭብጨባ ጮኸች።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ከአምባሰል ጉም ወርዶ ዳሱን ሞላው።
እንጨት ከአየር ውሃ ይጠጣል፤
ይህን ደግሞ ማንም አናጢ አይወደው።
ጠዋት ሰቀልናት። መርፌው ነቃ፣ ተንቀሳቀሰ፤
ሩብ ኪሎ። ሙሔ ዓይኑን አሸ፤ ደግሞ አጎነበሰ፤
«ጨመረች» አለኝ፣ እንደ ምሥራች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ፊቱን በሻሹ ጫፍ ሸሽጎ።